ጂቱ የሸጠችው ቃል

ጂቱ ሂርጳን የሚያውቋት ሁለት ወገን ሰዎች ነበሩ። ከየካ ሚካኤል በላይ፣ ከተራራው ሥር ያሉት «የዲንቄ ልጅ» ይሏታል። ዲንቄ ከእንጦጦ ጫካ እንጨት ለቅማ፣ በጀርባዋ አውርዳ፣ ሸጣ የምታድር ሴት ናት። መሀል ከተማ፣ የሬዲዮ ማስታወቂያ ከሚዘጋጅበት የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያሉት ደግሞ «ጓድ ጂቱ» ይሏታል፤ እናቷም ሰላሌ ውስጥ ደህና ከብት ያላት ገበሬ ትመስላቸዋለች። እንዲያ ብላ የነገረቻቸው ራሷ ጂቱ ናት። ሁለቱ ወገኖች እንዳይገናኙ አራት ዓመት ሙሉ ስትጠነቀቅ ኖረች።

ወሬ ማሳመር የለመደችው እዚያው ዳገት ላይ ነው። አባቷ ሲሞት የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ ዋናውን ሸክም ስትሸከም፣ እሷ ጭራሮና የባሕር ዛፍ ቅጠል በቁራጭ ገመድ አስራ ከኋላ ትከተላለች። መንገዱ ሽቅብ ሲሆን ትንፋሽ ይነሳል፤ ቁልቁል ሲሆን ጉልበት ያንቀጠቅጣል። ዲንቄ እንዳጎነበሰች፣ የእግሯን ጣቶች እያየች፣ «በይ እስቲ አንድ ነገር አውሪኝ፣ መንገዱ ይጠርልኝ» ትላለች። ጂቱም ታወራለች። የምታውቀው ተረት ሲያልቅባት ከራሷ ትፈጥራለች። እናቷ ከሳቀች ተረቱ ሠርቷል ማለት ነው፤ ዝም ካለች አልሠራምና ሌላ ትጀምራለች። ማረፊያው ድንጋይ ጋ ሲደርሱ ዲንቄ ሸክሟን አስደግፋ፣ ገመዱን ከደረቷ ላይ ፈታ፣ ልክ ለባልንጀራዋ እንደምትናገር ሁሉ እንጨቷን «እረፊ እንግዲህ፤ አንቺም ደክሞሻል» ትላታለች። ጂቱ ይህን በሰማች ቁጥር ትስቅ ነበር።

በዚያ እንጨት ጂቱ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨረሰች። በዚያው እንጨት የታይፕ ትምህርት ቤት ገባች። በ1971 ዓ.ም. በማስታወቂያ ክፍሉ ታይፒስት ሆና ስትቀጠር ቅጽ ሰጧት። «የወላጅ ሥራ» ከሚለው መስመር ስትደርስ እጇ ቆመ። አጠገቧ ሌላ ተቀጣሪ ልጅ ተቀምጣ «የመንግሥት ሠራተኛ» ብላ በሚያምር ጽሕፈት ስትሞላ አየች። ጂቱም «ገበሬ፣ ሰላሌ» ብላ ጻፈች። እናቷ የተወለደችው ሰላሌ ስለሆነ ውሸቱ ግማሽ ውሸት ነው ብላ ራሷን አጽናናች። ቅጹን አስረክባ ስትወጣ ግን ፊቷ ይነድ ነበር።

ከታይፕ ወደ ጽሕፈት ያሻገራት ሳሙና ነው። አንድ ቀን እንድትመታው የተሰጣት ማስታወቂያ «ጥራቱን የጠበቀ፣ ለሰፊው ሕዝብ የቀረበ» እያለ እስከ ታች የሚወርድ ነበር። ስትመታው እንቅልፍ አመጣባት። እንደ ቀልድ ወረቀት ቀይራ፣ ቀበና ወንዝ ዳር ልብስ የሚያጥቡ ሁለት ጎረቤታሞች ፈጠረች። አንደኛዋ የሌላኛዋን ነጠላ አይታ «መቼ ገዛሽው?» ትላታለች፤ ያችኛዋ «ሠርጌ ላይ የለበስኩት ነው» ትላለች፤ በዚያው ይጣላሉ፣ በዚያው ይታረቃሉ። ወረቀቱ ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ ኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ደረሰ።

ኃላፊው ለተጊዮርጊስ የሚባሉ፣ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው የሚፈልጉ ሽማግሌ ነበሩ። አስጠሯት።

«ይህን ማን ጻፈው?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፣ ተሳስቶ ነው የገባው። ዋናውን አሁን እመታዋለሁ።»

«ዋናውን ተዪው» አሉ። «እኔ የጠየቅሁሽ ማን እንደጻፈው ነው።»

ከዚያ ወዲያ ጂቱ ታይፕ የምትመታው የራሷን ነገር ብቻ ሆነ። ክብሪት፣ ብርድ ልብስ፣ ሎተሪ፣ የጎማ ጫማ፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ ሰዎች ትፈጥርለታለች፤ ሰዎቹ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይገናኛሉ፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ያበቃሉ። ዓለም የምትባል ድምጸ መልካም ተዋናይት ታነበዋለች። አንድ ጧት ጂቱ መገናኛ ሻይ ቤት ተቀምጣ ሳለ የራሷ ብርድ ልብስ በሬዲዮ መጣ። ከፊቷ የተቀመጠው የታክሲ ሾፌር ስኳር የሚያማስልበትን ማንኪያ አቁሞ ሰማ። ሲያልቅ ብቻውን ፈገግ አለና ማማሰሉን ቀጠለ። ጂቱ በሕይወቷ እንደዚያች ደቂቃ የሞላላት ጊዜ አልነበረም። «የኔ ነው» ልትለው አፏ ድረስ መጥቶ ነበር። ሳትናገር ሂሳብ ከፍላ ወጣች፤ እግሯ ግን መሬት አልነካም።

እሑድ እሑድ ወደ የካ ሚካኤል ትወጣለች። ለእናቷ ገንዘብ ይዛ፣ ደብዘዝ ያለ ነጠላ ተከናንባ። ዲንቄ የሚሰጣትን ትቀበላለች፤ ሰኞ ግን ተመልሳ ጫካ ትገባለች። «ያንቺ ያንቺ ነው፤ የኔ የኔ ነው» ትላለች። ጂቱ ብዙም አትከራከራትም። እውነቱን ለመናገር፣ ከቢሮዋ ሰው ጋር እስካልተገናኘች ድረስ እናቷ ብትወጣም ባትወጣም ግድ የሰጣት አይመስልም ነበር።

በ1975 ዓ.ም. አንድ ፋብሪካ አዲስ የላምባ ምድጃ አወጣና ማስታወቂያ አዘዘ። ዕቃውን ለማየት ለተጊዮርጊስ፣ ዓለምና ጂቱ በመሥሪያ ቤቱ ላንድሮቨር በኮተቤ መንገድ ሄዱ። ሲመለሱ ከየካ በኩል እንጨት ተሸካሚዎች ወደ አስፋልቱ እየወረዱ ነበር። ሰባት ስምንት ሴቶች ናቸው፤ ከሩቁ ሲያዩዋቸው እንጨቱ ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ። ሴቶቹ አንድ በአንድ ወደ ዳር ወጡ።

ሦስተኛዋ ዲንቄ ነበረች። ጂቱ በገመዷ አወቀቻት፤ ጫፉን በቀይ ጨርቅ የቋጠረችላት ራሷ ናት። በመሀከላቸው አንድ ክንድ እንኳ አልነበረም። ጂቱ አንገቷን ደፍታ ቦርሳዋን መበርበር ያዘች፤ የምትፈልገው ነገር ሳይኖር መሐረብ አወጣች፣ መለሰች፣ ደግሞ አወጣች። ቀና ስትል እናቷ ፊቷን ወደ ገደሉ አዙራ ቆማለች። ለአቧራው ነው አለች በልቧ።

ዓለም ወደ ኋላ እያየች «ምስኪን!» አለች። «እነዚህ ሴቶች ልጅ የላቸውም እንዴ?»

ጂቱ መሐረቡን ወደ ቦርሳዋ ከተተች። ለተጊዮርጊስ አንቀላፍተው ነበር።

ጂቱ ቢሮ እንደገባች ኮቷን ሳታወልቅ ታይፑ ፊት ተቀመጠች። ለምን እንደሆነ አታውቅም፣ እጇ ሮጠ። እንጨት ተሸካሚ እናት ያላት አንዲት ልጅ ጻፈች። «የእናቴን ፊት በደንብ አላውቀውም፤ የማውቀው ጀርባዋን ነው» ትላለች ልጅቱ። እናትየው ከዳገት ትወርዳለች፣ ማረፊያው ጋ ትደርሳለች፣ እንጨቷን «እረፊ እንግዲህ፤ አንቺም ደክሞሻል» ትላታለች። ከዚያ ልጅቱ በመጀመሪያ ደመወዟ ያንን ምድጃ ገዝታ ትመጣለች፤ እናትየው ገመዷን ወርውራ ቀጥ ብላ ትቆማለች፤ ልጅቱም ለመጀመሪያ ጊዜ የእናቷን ፊት ታያለች። ጂቱ ጽፋ ስትጨርስ እንባዋ ወረቀቱ ላይ ወርዶ ነበር። ያም ሆኖ አንድ ቃል ሳይበዛ፣ ልክ አንድ ደቂቃ እንደሚወስድ በሰዓቷ ለክታ አረጋገጠች። ደስ አላት። ያን ጊዜ ደስ ማለቱ ኋላ ላይ ከሁሉም በላይ አሳፈራት።

ለተጊዮርጊስ አንብበው ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ይህን ከየት አመጣሽው?» ብለው ጠየቋት።

«መንገድ ላይ ካየናቸው ሴቶች» አለች።

ማስታወቂያው እንደ እሳት ተቀጣጠለ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ይደግመዋል። ሰልፍ ላይ የደከመው ጓደኛውን «አንቺም ደክሞሻል» ይለዋል። ከፋብሪካው የምስጋና ደብዳቤ መጣ፤ ለተጊዮርጊስ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት። ጂቱ ደብዳቤው ሥር እየተቀመጠች ትሠራለች፤ የሚያሞግሳት ሲመጣ ግን ዓይኗን ወደ ታይፑ ትመልሳለች። ሦስት እሑድ በሥራ አመካኝታ ወደ እናቷ ቤት ሳትወጣ ቀረች።

በአራተኛው እሑድ ወጣች። ከየካ ሚካኤል አለፍ ብሎ ረሂማ የምትባል ሴት ትንሽ ሱቅ አላት፤ ጂቱን ከልጅነቷ ጀምሮ ከረሜላ እየመረቀች ያሳደገቻት ናት። ረሂማ ከሩቅ አይታ ጠራቻት። እንደወትሮው አልሳመቻትም።

«እናትሽ ጋ ከመድረስሽ በፊት ከኔ ስሚ» አለቻት። «ያ ነገር በሬዲዮ ሲወራ እናትሽ እዚሁ፣ አሁን አንቺ የቆምሽበት ቆማ ነበር። ጨው ልትገዛ። እኔ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ‹ዲንቄ፣ አንቺን እኮ ነው!› ብዬ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። ጨውዋን እዚሁ ትታ ሄደች።»

ጂቱ ከቆመችበት አንድ እርምጃ ፈቀቅ አለች።

«ይሄ ምን አላት! ባለፈው ሐሙስ የጫካው ጠባቂ ያዛት። ሌላ ጊዜ ለምነውት ያልፋሉ። የዚያን ቀን ሸክሟን ከጀርባዋ ላይ ጎትቶ አወረደና ‹እረፊ እንግዲህ፤ አንቺም ደክሞሻል› አላት። አብረዋት ያሉት ሴቶች ሁሉ ሳቁ። ፈርተው ይሁን አስቋቸው፣ እኔ እንጃ። እንጨቱንም ገመዱንም ወስዶ ባዶዋን ሰደዳት። ልጆቹማ ባዩዋት ቁጥር እየተከተሉ ይጮኹባታል።»

ከሱቁ እስከ እናቷ ቤት ያለው መንገድ አጭር ነው። ለጂቱ ያን ቀን አላልቅ አላት። ያገኘችው ሰው ሁሉ የሚያውቅባት መሰላት፤ ደግሞ ያውቁ ነበር።

ዲንቄ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ቃጫ ትገምዳለች። አዲስ ገመድ መሆኑ ነው። ቀና ብላ አየቻትና መግመዷን ቀጠለች።

«መጣሽ?»

«አዮ» አለች ጂቱ፤ እናቷን የምትጠራት እንዲያ ነው። «እኔ ነኝ የጻፍሁት።»

«አውቃለሁ። ካንቺና ከእንጨቱ ሌላ ማን ሰምቶኝ ያውቃል?»

ጂቱ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጢጥ አለች። ለማልቀስ ተዘጋጅታ መጥታ ነበር፤ እንባው ግን አልመጣ አለ። «ይቅር በዪኝ» አለች።

«ስለዚያች ቃል ከሆነ ይቅር ብያለሁ» አለች ዲንቄ። «ቃል ነው፤ አልበላው አልጠጣው። ሳያስፈቅዱ መውሰድ ግን ከማን እንደለመድሽው አላውቅም። እኔን የገረመኝ ግን ሌላ ነው። የሬዲዮዋ ልጅ ለእናቷ ምድጃ ገዛችላት፤ እናትየው ገመዷን ወረወረች። ቆይ፣ እኔ ይሄን ሁሉ እንጨት የማወርደው ሽሮ ላበስልበት ነው እንዴ? ልሸጠው እኮ ነው! ሰው ሁሉ ምድጃሽን ከገዛ፣ እኔ እንጨቴን ለማን ልሽጥ?»

ይህ ነገር አንድም ጊዜ በጂቱ ሐሳብ አልመጣም ነበር። ደብተሯ፣ ጫማዋ፣ የታይፕ ትምህርቷ ከዚያ እንጨት የወጣ ሆኖ ሳለ፣ ስትጽፍ እንጨቱ ወዴት እንደሚሄድ ረስታው ነበር። ቢሮ ውስጥ ያሉት ሰዎች እንዳያውቁባት ብላ ብላ፣ መጨረሻ ላይ እሷም አታውቅ ሆና አረፈች።

ዲንቄ ቃጫውን በጉልበቷ ላይ አሸች። ከዚያ፣ ሳታያት፣ «መኪናውንም አይቼዋለሁ» አለች።

«የቱን መኪና?»

«ቦርሳሽን የምትፈትሺበትን። እንዳትሸማቀቂ ብዬ ፊቴን አዞርኩልሽ።»

ጂቱ እስኪመሽ ድረስ የገመዱን ጫፍ ይዛላት ተቀመጠች። ይቅርታ የሚለው ቃል እንኳ ሌላ ማስታወቂያ መስሎ ታያት።

በማግሥቱ ለተጊዮርጊስ ቢሮ ስትገባ ዓለም እዚያው ተቀምጣ ሻይ ትጠጣ ነበር። ጂቱ በሩን ሳትዘጋ፣ «ጋሼ፣ የምድጃው ማስታወቂያ ይቁምልኝ» አለች።

«ምን ሆንሽ? ለሦስት ወር ተከፍሎበታል እኮ። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው እሱን ነው።»

«ያች ሴት እናቴ ናት።»

«የትኛዋ ሴት?»

«እንጨት ተሸካሚዋ። ሰላሌ አይደለችም፤ ከየካ በላይ ነው ያለችው። ያን ቀን በላንድሮቨር ስናልፍ ከመኪናው ዳር ቆማ ነበር። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። ቅጹም ላይ ዋሽቻለሁ።» ድምጿ እያነሰ እያነሰ ሄዶ መጨረሻው ሹክሹክታ ሆነ።

ዓለም ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። መኪና ውስጥ የተናገረችው ትዝ እንዳላት ከፊቷ ይነበባል፤ ተነሥታ ወጣች። ለተጊዮርጊስ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው፣ አንዴ ጂቱን አንዴ ግድግዳው ላይ የሰቀሉትን ደብዳቤ አዩ።

«ማቆም አልችልም» አሉ በመጨረሻ። «ልዋሽሽ አልፈልግም። ያችን ቃል ግን ላወጣት እችላለሁ።»

«መጨረሻውስ? ምድጃ ገዝተው እንጨቱ ቀረ የሚለው ውሸት ነው።»

«እሱ ከወጣ ማስታወቂያው ምኑ ቀረ ልጄ?»

ዓለም በዚያው ሳምንት ያችን ቃል ዘላ እንደገና አነበበችው። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ» እንዲሉ፣ ከሬዲዮ የወጣችው ቃል ከመንደሩ አልወጣችም፤ ልጆቹ ክረምት ገብቶ ጭቃው እስኪያስቀምጣቸው ድረስ ሲጮኹባት ከረሙ። ጠባቂውም ወደ ሌላ ቦታ እስኪዛወር ድረስ በዲንቄ ላይ መቀለዱን አልተወም። ቅጹን አስተካክዪ ያላት ሰው ባይኖርም፣ ጂቱ ራሷ መዝገብ ቤት ወርዳ «ገበሬ» የሚለውን ሰርዛ «እንጨት ለቃሚ» ብላ ጻፈች፤ መዝገብ ያዡ ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

ምድጃውን ገዛችላት። ዲንቄ ተቀብላ ጥግ አስቀመጠችው። ላምባ በቀበሌው ሱቅ ከወሩ እኩሌታ አይገኝም፤ በተገኘ ጊዜ ስትቸኩል ትለኩሰዋለች። ዳገቱን ግን መውጣቷን አልተወችም።

አንድ እሑድ ጂቱ አብራት ወጣች፤ ከዐሥር ዓመት በኋላ ማለት ነው። እናቷ የልጅ ሸክም የምታህል አሰረችላት። ሲወርዱ እንደ ድሮው አንድ ነገር ታወራላት ዘንድ ፈለገች፤ ትንፋሿ አልበቃ አላት። እናቷ ነበረች ስታወራ የወረደችው። ቁልቁለቱን ጨርሰው አስፋልቱ ላይ ሲደርሱ ከመገናኛ በኩል አውቶቡስ መጣ። ጂቱ ያን ቀን ቀና ብላ ልታልፍ ለራሷ ቃል ገብታ ነበር። አውቶቡሱ ሲቃረብ እጇ ሳታዘው ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ዲንቄ አየች። ጂቱ ያን ምሽት ያለቀሰችው በትከሻዋ ሕመም አልነበረም።

ሥራውን ትታለች ብሎ የሚጠብቅ ይኖር ይሆናል። አልተወችም። ብትተወው ሌላ የምትወደው ነገር አልነበራትም፤ ይህን ማወቋም ራሱ ያሳፍራት ነበር። ያደረገችው ይህ ብቻ ነው፤ የምትጽፈውን ሁሉ ለተጊዮርጊስ ጠረጴዛ ከመድረሱ በፊት፣ እሑድ ለዲንቄ ታነብላታለች። ዲንቄ ማንበብ አትችልም፣ መስማት ግን እንደሷ የሚችል የለም። «ይሄ ይሁን» ትላለች፤ ወይ «ይቺ ሴት ባሏን አትወደውም፣ ለምን ጫማ ትገዛለታለች?» ትላለች። አንዳንዴ ጽሑፉ ሳይነበብ ይቀርና ዲንቄ ስለ አንድ ጎረቤት ስታወራ ያመሻሉ። ከዚያ ወሬ አንዲት ቃል የወደደች እንደሆነ ጂቱ ብዕሯን ከማንሳቷ በፊት ትጠይቃለች፦ «አዮ፣ ይህቺን ልውሰዳት?» አንዳንዴ «ውሰጃት» ትባላለች። አብዛኛውን ጊዜ «ተዪያት፣ የኔ ናት» ትባላለች፤ ትተዋታለች።

በ1977 የዲንቄ ወገብ እምቢ አለና ከጫካ ቀረች። ጂቱ መገናኛ አጠገብ ከምትኖርበት ክፍል ልታስገባት ብትለምናት አሻፈረኝ ብላ፣ ከረሂማ ሱቅ ፊት ለፊት ሽንኩርትና ቃሪያ መቸርቸር ያዘች። ጂቱ ከቢሮ ሰው ጋር ስትሆን በዚያ በኩል ለማለፍ አንዳንዴ ታመነታለች። ታልፋለች ግን፤ አልፋም «እናቴ ናት» ትላለች። ይህን ለማለት በየጊዜው እንደ አዲስ ጉሮሮዋን መጥረግ ነበረባት።

በሚቀጥለው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ለጃንጥላ ማስታወቂያ ታዘዘች። እሑድ ለዲንቄ አነበበችላት፤ አንዲት አሮጊት ዝናብ አግኝቷት ከሰው ደጅ ተጠልላ ስትቆም፣ ያላወቀቻት ልጅ መጥታ ጃንጥላዋን ታጋራታለች፤ በመንገድ ላይ ዝምድና ይቆጥራሉ። ዲንቄ ሽንኩርት እየላጠች አንዴ ሳቀች፣ አንዴ ደግሞ ዝም አለች።

«መጨረሻዋስ?» አለች።

«አሮጊቷም በነጋታው ጃንጥላ ገዛች።»

«ብሩን ከየት አመጣችው?»

ጂቱ ወረቀቱን አየች። ከዚያ ጉልበቷ ላይ ዘረጋችና የመጨረሻውን መስመር ሰረዘች።